«ኤሌክትሮን ሞያሌ የለም ወይ?»

ከቤት የወጣሁት አመሻሹ ላይ ነው። እናቴ ሻንጣዬ ውስጥ በሶ ትከታለች፣ እኔ አወጣለሁ፣ እሷ መልሳ ትከታለች። ላፕቶፔን በጋቢ ስጠቀልለው አይታ፣ «ለዚህ ብረት የምታዝኚውን ያህል ለራስሽ ብታዝኚ» አለችኝ። የማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ በጦርነቱ ተዘግቷል፤ ቤተ ሙከራችን በሩ እንኳ ሳይቀር ተዘርፏል። የቀረኝ ያ ላፕቶፕና ውስጡ ያለው ጥናቴ ነው። መኪና እየቀያየርኩ ወደ ደቡብ ወረድኩ፣ ድንበሩን በእግሬ ተሻገርኩና ኬንያ ሞያሌ ጥገኝነት ጠየቅኩ። ያለ ፈቃድ ከከተማዋ እንዳትወጪ ተባልኩ።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ ሞያሌ ስል በጣም የራቅኩ አይምሰላችሁ፤ ማዶው አገራችን ነው። ግን አቧራው የደጋችንን ብርድ ያስመኛል፤ ኡጋሊ የሚሉት ገንፎ ደግሞ ቅቤና በርበሬ የሚባል አይቶ አያውቅም። ቡቲዬ የሚባል ሰፈር ከማማ ጠለሶ ግቢ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ማማ ጠለሶ ቦረና ናት፤ አማርኛን የለመደችው ከገበያ ስለሆነ ወንድና ሴት አትለይም፣ እኔን «አንተ» ነው የምትለኝ።

ስለ ጥናቴ ትንሽ ልንገራችሁ። ስልካችሁ የሚሠራበት ሴሚኮንዳክተር የሚባል ቁስ አለ። እሱ እጅግ ቀጥኖ ሲነባበር የኤሌክትሮን ጠባይ ይለወጣል፤ ሊዘለው የማይችለውን ግድግዳ እንደ ሞገድ ሰርጎ ያልፋል። እኔ የማሰላው ሙቀት ሲጨምር ይህ ማለፍ እንዴት እንደሚዛባ ነው። ስሌቱ ያልጠበቅኩትን ውጤት ይሰጠኝ ጀመር። ናይሮቢ ላሉ አንድ ፕሮፌሰር ብልክላቸው፣ «መለኪያው እኛ ዘንድ አለ፤ ስሌቱን ጨርሰሽ ነይና እንለካው» ብለው ጻፉልኝ።

ፈቃድ ልጠይቅ የስደተኞች ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊው እናቱ ከማዶ ስለሆነች አማርኛ ይችላል።

«ሥራሽ?»

«ፊዚሲስት ነኝ።»

«ፊዚዮቴራፒ? ወገብ የምታሹት? ሆስፒታል አሉን እኮ።»

«አይ፣ እኔ ኤሌክትሮን ነው የማጠናው።»

«ኤሌክትሮን ሞያሌ የለም ወይ?»

«አለ። የሌለበት ቦታ የለም።»

«ታዲያ ናይሮቢ ምን ያስኬድሻል?»

«መለኪያው ያለው እዚያ ነው።»

አሰብ አደረገና፣ «ኬሾ ነይ» አለኝ። ኬሾ ነገ ማለት ነው። በማግስቱ ስሄድም ኬሾ፤ በሳምንቱም ኬሾ። ሰፈሩ ደግሞ የተማርኩትን ሰምቶ የሞተ ስልክ እየያዘ ይመጣል፤ መጠገን አልችልም ስል የኮራሁ ይመስላቸዋል።

ስሌቱ ሳይቋረጥ ቀናት መሥራት አለበት። የላፕቶፔ ባትሪ ስለሞተ ከሶኬት ከተነቀለ ይጠፋል። አንድ ቀን ከቢሮ ስመለስ ጠፍቶ አገኘሁት።

«ማማ፣ ማነው የነቀለው?»

«እኔ። አንተ የለህም፣ እሱ ብቻውን ይጮሃል። አሳዘነኝ።»

የሚጮኸው ማራገቢያው ነበር። በሬን ዘግቼ አለቀስኩ። የራበኝ መስሏት የግመል ወተት አመጣችልኝ። ጠጣሁና ስሌቱን ከመጀመሪያው አስጀመርኩት።

ስሌቱ አልቆ ብዙ ከቆየ በኋላ ፈቃዱ ወጣ። ጸሐፊው ማኅተሙን መትቶ፣ «በይ፣ ኤሌክትሮንሽን ሰላም በይልኝ» አለኝ። ቦዳቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት በርሬ ዋይፋይ ያለበት ሻይ ቤት ገባሁ፤ ለፕሮፌሰሩ መጣሁ ልላቸው። የእሳቸው መልእክት ግን ቀድሞኝ ነበር። ሩቅ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ያንኑ ውጤት ለክተው አሳትመውታል። «አዝናለሁ፤ በሌላ ጥያቄ ከመጣሽ ቦታ አለን» ይላሉ። ጽሑፉን ከፍቼ የግራፋቸውን መስመር ከእኔ መስመር ጋር አስተያየሁት። ገጠመ። ትክክል ነበርኩ፤ ያንገበገበኝም እሱ ነው።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ደወልኩ።

«ሌሎች ቀደሙኝ፣ እማዬ።»

«ያንቺን ሥራ?»

«የእኔን ሥራ። ጨርሰው አሳተሙት።»

ድምጿ ቀለል አለ።

«ታዲያ እነሱ ከጨረሱልሽ፣ አሁን መምጣት ትችያለሽ ማለት ነው?»

ፈቃዱ ጭኔ ላይ ነው፤ የናይሮቢ አውቶቡስ ጠዋት ይነሳል። እዚያ ዝናቡ ጣለ ወይ ብዬ ጠየቅኳት።