ለልጄ የመጣው አጥሚት

የዚያን ቅዳሜ ኖርዌይ፣ ፉሩሴት በሚባለው ሰፈር፣ ቤታችን ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ትንሿ ልጄ፣ አባቷና የክርስትና እናቷ ነበርን። ዛሬም የገብስ አጥሚት ሲሸተኝ ቀድመው የሚታወሱኝ እሳቸው ናቸው።

ልጄ ስትውጥ ስለሚያንቃት በአፏ አትመገብም ነበር። ሆስፒታሉ ያዘዘላትን ወተት መሰል ምግብ የምሰጣት ሆዷ ላይ በተተከለው ቱቦ፣ ኖርዌዮቹ ሶንዴ በሚሉት ነበር። ትምህርቴ ብዙ ስላልሆነ ነርሷ ያሳየችኝን ሁሉ በእጄ ነው ያጠናሁት፦ እጅ መታጠብ፣ ልጅቷን ቀና ማድረግ፣ ቱቦው አለመንሸራተቱን ማየት፣ ምግቡን በስሪንጅ ቀስ ብሎ መስጠት፣ ሲያልቅ ለብ ባለ ውሃ ቱቦውን ማጠብ፣ ወዲያው አለማስተኛት።

የክርስትና እናቷ ሞርተንሩድ ከሚባለው ሰፈራቸው ፔርሙዝ አቅፈው መጡ። በረዶውን ከጫማቸው አራግፈው ክዳኑን ሲከፍቱት የገብሱና የቅቤው ሽታ ቤቱን ሞላው።

«ይሄ የፋብሪካ ወተት ሰው የሚያደርጋት መስሎሽ ነው? በቱቦዋ ጨምሪላት!»

«ይደፍነዋል፣ እትዬ።»

«በነጠላ አጥልዬዋለሁ እኮ!»

«ትንሽ ብቻ፣ ለበረከት» አለ አባቷ።

«አንተ ስሪንጁን አንድ ቀን ይዘህ ታውቃለህ?» አልኩት።

እሳቸው ስሪንጁን ከጠረጴዛው አነሱ። የቱቦውን አፍ በመዳፌ ሸፈንኩት። ከዚያ በፊት ታላቅ ሰው ተቃውሜ አላውቅም ነበር።

«አይሆንም፣ እትዬ። ሆስፒታሉ ያላዘዘው አይገባም።»

«እጄን ጠልተሽው ነው?» አሉና ስሪንጁን አስቀምጠው ፔርሙዙን መክደን ጀመሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«አጥሚት የሚሠራው ለአራስ እናት አይደል? ለእኔ ይቅዱልኝ» አልኳቸው። ልጄን የወለድኩ ጊዜ እናቴ ሩቅ ስለነበረች አጥሚት የሠራልኝ ሰው አልነበረም።

ቀዱልኝ። እኔ ልጄን ደረቴ ላይ አስደግፌ፣ በሁለት እጄ ስሪንጁንና ቱቦውን ይዤ፣ ምግቧን ቀስ እያልኩ አወረድኩላት። እሳቸው ደግሞ ኩባያውን ወደ አፌ እያስጠጉ ያጠጡኝ ጀመር።

«ጨርሺው» አሉኝ። «እንዲህ ክችች ብለሽ ልትከለክይን ከሆነ ጉልበት ያስፈልግሻል።» የልጄ አባት ሳቀ። እኔ ግን እየዋጥኩ አለቀስኩ።

ልጄ አሁን ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ዛሬም የምትመገበው በቱቦዋ ነው። የክርስትና እናቷ ግን ለሥራ ወደ ሰሜን ኖርዌይ ሄዱ፤ ስልካቸውም ከዚያ ወዲህ አይሠራም። ያሉበትን የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ፣ ደህና መሆናቸውን ንገሩኝ።