ለሳንባዬ የተጾመ ጾም

አማቴ ከዱራሜ በመጡ በሁለተኛው እሁድ ሳንባዬ የጉባኤው የጸሎት ርዕስ ሆነ። ሳንባዬ ምንም አልሆነም ነበር። ውሸቱን የፈጠረችው ባለቤቴ ናት፤ ለውሸቱ ምክንያት የሆነው ደግሞ ጆሃንስበርግ ውስጥ ካለው ቬፕ የሚሉት የኤሌክትሪክ ሲጋራ ሁሉ ትልቁን ካልገዛሁ ብዬ የገዛሁት እኔ ነኝ።

ከከተማው ዳር፣ ዛንድስፕሩት ውስጥ፣ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለን። ዳቦ፣ ወተት፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ እንሸጣለን፤ ከሱቁ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች እንኖራለን። ሲጋራም በነጠላ እንሸጣለን፤ ደንበኞቻችን «ሉስ ድሮ» ይሉታል። ቀኑን ሙሉ በፍርግርጉ ቀዳዳ ለሌላው ሲጋራ ሲያቀብል የሚውል ሰው አንዷ ተሳስታ ወደ ራሱ አፍ ብትሄድ ምን ይገርማል? እንዲህ እየተሳሳትኩ ዓመታት አለፉ። ቸርች የምሄደው ማስቲካ እያኘኩ ነበር፤ ከዘማሪዎቹ ጋር ስጨባበጥም እጄን ዘርግቼ ፊቴን እመልሳለሁ።

ባለቤቴ ታውቃለች። ተቆጥታኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን አንድ ጠዋት ጉንጬን ሳመችና አፏን ጠርጋ፣ «አንተን ስስም ታክሲ ከኋላው የሳምኩ ነው የሚመስለኝ» አለችኝ። የዚህን ከተማ ታክሲ ጭስ የሚያውቅ ሰው ይህ ነገር ምን ያህል እንደሚያም ይገባዋል።

ሲጋራውን በቬፕ ልተካ ፎርድስበርግ ሄድኩ። ሻጩ ጢማም፣ ፈገግታው የማያልቅ፣ ሰውን ሁሉ «ባይ»፣ ወንድም እንደ ማለት፣ እያለ የሚጠራ ሰው ነበር። መጀመሪያ እስክሪብቶ የሚያካክሉትን አሳየኝ።

«ለጀማሪ ይሄ ይበቃል፣ ባይ።»

ጀማሪ መባል አልወደድኩም። እኛ ጀኔሬተር ስንገዛ እንኳን የምንመርጠው የሚጮኸውን ነው። ከመስታወቱ ውስጥ እንደ ጡብ የከበደውን፣ ፊቱ ላይ የሚበራ ስክሪን ያለውን ጠቆምኩት። ፈገግታው ሰፋ።

«ይሄ ሁለት ባትሪ ነው የሚበላው። ከሁለት መቶ ዋት ያልፋል። ግን ጨዋ ነው፤ ሙቀቱን ራሱ ይቆጣጠራል።»

አስረዳኝ። ውስጡ የብረት ሽቦ ጥቅልል አለ፤ በጥቅልሉ መሃል ጥጥ ያልፋል፤ ጥጡ ፈሳሹን ይጠጣል፤ ሽቦው ሲግል ፈሳሹ እንፋሎት ይሆናል። ተራው ቬፕ ጥጡ ይድረቅ ይርጠብ ግድ የለውም፤ ቁልፉን ከተጫንክ ያቃጥላል። ይሄኛው ግን የሽቦውን ሙቀት እየለካ፣ ከወሰንክለት ዲግሪ ሊያልፍ ሲል ኃይሉን ይቀንሳል። ጥጥ አያሳርርም፣ ጉሮሮ አይልጥም። ባጭሩ ራሱን የሚገዛ ማሽን ነው። እኔ ያቃተኝን ማሽን ከቻለው ብዬ ገዛሁት።

ፍቅሩ የመጣው ቀስ እያለ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽቦውን ሳይበርድ ቀየርኩትና ማሽኑ የጋለውን እንደ ቀዝቃዛ ቆጠረው፤ ከዚያ በኋላ በስክሪኑ ላይ ያስቀመጥኩት ዲግሪ ሌላ፣ ምላሴ ላይ ያረፈው ሌላ ሆነ። ለቀናት የበላሁት ሁሉ ካልሲ ካልሲ አለኝ። ስለምደው ግን እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ፈላጊ አሥር ዲግሪ ከፍ፣ አምስት ዲግሪ ዝቅ እያደረግኩ የፈሳሹ የማንጎ ጣዕም በደንብ የሚጎላበትን ቦታ ማሰስ ሥራዬ ሆነ። ሲጋራውን ረሳሁት። አንድ ከሰዓት ደንበኛ የለም ብዬ ባንኮኒው ላይ እንፋሎቱን በረጅሙ ለቀቅኩት። ሱቁ ነጭ ሆነ። በውጭ የሚያልፍ ጎረቤት «ማይ ፍሬንድ! ሱቅህ እየተቃጠለ ነው!» ብሎ ጮኸና ሳልመልስለት ባልዲ ሙሉ ውኃ በፍርግርጉ አሳልፎ ደፋው። የዕለቱ ዳቦ በሙሉ ዋኘ። ጎረቤቴ ሕይወቴን እንዳዳነ ስላመነ አመሰገንኩት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የማጨሰው ከጓሮ፣ ልብስ ማስጫው ሥር ሆነ።

ባለቤቴ ሴት ልጅ ወለደችና እናቷ ሊያርሷት መጡ። አማቴ አጭር፣ ፈጣን፣ ለሁሉ ነገር ጸሎት ያላቸው ሴት ናቸው። ሳል ነበረባቸው፤ ደረቅ ሳል። የጆበርግ ክረምት ነው አልን፤ ደረቅ ነው፣ ሁሉንም ያስላል። ደንበኞቹ «ጎጎ» ሲሏቸው ትርጉሙ አያት ማለት መሆኑን ሰሙና በደስታ «ሳውቦና» እያሉ በዙሉኛ ሰላም ማለት ጀመሩ፤ በሳምንቱ ከእኔ ይልቅ እሳቸውን የሚጠይቁ ደንበኞች በዙ።

ልብስ ሊያሰጡ ጓሮ ብቅ ያሉት እኔ ደመና ውስጥ በቆምኩበት ሰዓት ነው። በእኛ በኩል አማች በአማቱ ፊት ድምፁን እንኳን ከፍ አያደርግም፤ እኔ በአፍና በአፍንጫዬ ጭጋግ እየለቀቅኩ ቆሜያለሁ። ባለቤቴ ሕፃኗን እንዳቀፈች ከኋላቸው ደረሰች። ፊቴን አየች፣ ፊታቸውን አየች።

«የአስም ፓምፑ ነው» አለች።

አማቴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «አስም? ለበሽተኛ ነው እንዴ የዳርኩሽ?»

«ቀላል ነው፣ እማዬ።»

«ይህ ሁሉ ጭስ ቀላል ነው?»

«እሱማ በሽታው ነው፤ እየወጣለት ነው።»

አየሩን አሸተቱ። «በሽታው ማንጎ ማንጎ ይላል» አሉ።

«መድኃኒቱ ነው» አለችና ባለቤቴ ወደ ቤት ገባች። እኔ ማሳል እንዳለብኝ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ሁለቴ ሳልኩ። አማቴ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ስለ ሳንባዬ ይጾማሉ። እኔ ዳቦ በሻይ ስበላ በኀዘን ያዩኛል። ለባለቤቴ «እውነቱን ንገሪያቸው» ብላት «አንተ ንገራቸው፤ አጫሹ አንተ ነህ» ትለኛለች። ማንም ሳይነግራቸው እሁድ ደረሰ።

ቸርቻችን ጀርሚስተን፣ ተከራይተን የምንገለገልበት አዳራሽ ነው። አማቴ የጸሎት ርዕስ ሲጠየቅ ተነሡ፤ ፓስተሩም ወደ ፊት ጠራኝ። ሽማግሌዎቹ ከበቡኝ። አንደኛው፣ እጀ ከባድ ሰው፣ መዳፉን ደረቴ ላይ ጫነ። ማሽኑ በኮቴ የደረት ኪስ ውስጥ ነበር። ቁልፉ በትክክል ከመዳፉ ሥር ነው። ሰውዬው በጸለየ ቁጥር ይጫናል፤ በተጫነ ቁጥር ኪሴ ውስጥ «ፅፅፅ» ይላል። ኪሴ ሞቀ። ቀጥሎ ከኮሌታዬ ሥር ቀጭን ነጭ እንፋሎት ወደ አገጬ መውጣት ጀመረ፤ አዳራሹ ማንጎ ማንጎ ሸተተ።

ፓስተሩ ዓይኑን ገልጦ ጠጋ አለ። «ወንድሜ፣ ምን ይሰማሃል?»

በጌታ ቤት መዋሸት አልፈለግኩም። «ሙቀት» አልኩ።

አዳራሹ በእልልታና በ«ሃሌ ሉያ» ተናጋ። አንዲት እናት ወንበር ላይ ወጡ። ባለቤቴን ፈለግኳት፤ ፊቷን በሕፃኗ ሻል ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የጉባኤው ግማሽ በመንፈስ የተነካች መስሎታል።

ወደ ቤት ስንመለስ አማቴ ከኋላ ወንበር እጃቸውን ዘረጉ።

«ፓምፑን አምጣ።»

«ለምን፣ እማማ?»

«ድነሃላ! የዳነ ሰው ፓምፕ ምን ያደርግለታል? ዱራሜ ወስጄ ምስክርነት እሰጥበታለሁ።»

ምን ልበል? አልዳንኩም ብል ጌታን ማሳጣት ነው፤ ድኛለሁ ካልኩ ማሽኑ ዱራሜ ሊሄድ ነው። ሰጠኋቸው። አልጋቸው አጠገብ፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ላይ አስቀመጡት። ሱቅ ውስጥ በነጠላ የምሸጠውን ሲጋራ የድሮ እጮኛዬን እንደማይ እያየሁ ከረምኩ። ደንበኛ ክብሪት ሲጭር እንኳን በአፍንጫዬ እከተለዋለሁ።

አንድ ከሰዓት ዱቄት እየመዘንኩ ሳለ ባለቤቴ ከመሃል በር ጮኸች። «ቶሎ ና! እማዬ ማሽንህን ስባዋለች!»

ነገሩን ቆይቼ ነው የገጣጠምኩት። ሳላቸው ከብዷቸው ነበር። አማቼን ካዳነው እኔንም አይጎዳኝም ብለው አሰቡ። በእርጥብ ጨርቅ ሲወለውሉት ቁልፎቹን አንድ ላይ ተጫኗቸውና ከሙቀት መቆጣጠሪያው አስወጡት፤ ፈሳሹም ደርቆ ነበር። ያ ራሱን የሚገዛው ጨዋ ማሽን ሁለት መቶ ዋቱን እንዳለ በደረቅ ጥጥ ላይ ለቀቀው። አማቴ ደግሞ ነገር በግማሽ አያውቁም፤ ከልባቸው ነው የሳቡት።

ስደርስ ወለል ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ ትንፋሽ ይፈልጋሉ። በፊቴ አስታወኩ። የቀልድ ስሜቴ በዚያች ቅጽበት ጠፋ። አቅፌ መኪና ውስጥ አስገባኋቸው፤ ክብደታቸው የልጅ ነበር፣ እጃቸውም እጄን አልለቀቀም።

ቅርብ ያለ የግል ክሊኒክ ወሰድናቸው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ኦክስጅን አድርጋላቸው ትንፋሻቸው ሲረጋጋ «ምንድን ነው የሳቡት?» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች። ባለቤቴ ወለሉን አየች። እኔ ስንወጣ ከወለሉ ያነሣሁትን ማሽን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሐኪሟ አነሣችው፣ ስክሪኑን አነበበች።

«ሁለት መቶ ዋት?» አለች። «ጎጎ?»

ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች። አማቴ እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ ሳቅ ግን በየትኛውም ቋንቋ ይሰማሉ።

«ምን አለች?» አሉ። ባለቤቴን ነካ አደረጉ። «ምን አለች፣ አንቺ?»

ባለቤቴ ቀስ ብላ፣ በከምባትኛ፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። አማቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«አስም የለብህም?»

«የለብኝም፣ እማማ።»

«ኖሮብህም አያውቅም?»

«አያውቅም። የሲጋራ ምትክ ነው።»

ስለ ሲጋራው ምንም አላሉም። «ታዲያ የጾምኩትን መልስልኝ» አሉ።

ሐኪሟ «ምን አሉ?» ብላ ጠየቀችን። ሁለታችንም መተርጎም አቃተን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው ባለቤቴ እስከ ዛሬ ስታስታውስ ድምፅዋ የሚለወጠው። ሐኪሟ ደረታቸውን ስታዳምጥ ሳቋ ጠፋ። በቱቦ አስነፋቻቸው፣ ደግማ አስነፋቻቸው። ይህ የዛሬ ነገር አይደለም አለች፤ መተንፈሻቸው ከጠበበ ቆይቷል፤ ምናልባት የብዙ ዓመት የማገዶ ጭስ ይሆናል። ሌሊት እንዴት እንደሚተኙ ጠየቀች። አማቴ እንደ ተራ ነገር መለሱ፦ ተቀምጠው። ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው መተኛት ከጀመሩ ቆይተዋል። ለማን ይነግራሉ? ሰው ሁሉ ሲያረጅ የሚተኛው እንደዚያ መስሏቸዋል።

ባለቤቴ አለቀሰች። እኔም አላለቀስኩም አልልም።

እውነተኛ ፓምፕ ታዘዘላቸው፤ ትንሽ፣ ስክሪን የሌለው። ሐኪሟ አጠቃቀሙን ብታሳያቸው አልሆንላቸው አለ፤ ሲጫኑት መሳብ ይረሳሉ፣ ሲስቡ መጫን ይረሳሉ። ቤት ስንደርስ አስተማሪያቸው እኔ ሆንኩ። ቀስ ብሎ ወደ ሳንባ መሳብ፣ መያዝ፣ መልቀቅ፦ በሕይወቴ በደንብ የተለማመድኩት ነገር ይህ ብቻ ነው።

«እንዲህ፣ እማማ። አይቸኩሉ።»

«ዝም በል፣ ውሸታም» ይሉኛል፤ ከዚያም እንዳልኳቸው ያደርጋሉ። ከቀናት በኋላ አንድ ጠዋት ሻይ ይዤላቸው ብገባ ጋደም ብለው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ እንደ ሕፃኗ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ሻዩን ይዤ ተመለስኩ።

ጾማቸውን አስመለሱ። የጾሙትን ያህል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ስለ እሳቸው ደረት እንድጾም ፈረዱብኝ፤ ማሽኑም በጾሙ ውስጥ ተቆጠረ። ትኩስ ዳቦ እየሸጡ መጾም ቀልድ አይደለም። ለፓስተሩ ሄጄ ነገርኩት። «ያ ማንጎ!» ብሎ እስኪያነባ ሳቀ። ለጉባኤው ልንገር ብዬ ብጠይቀው አማቴ ቀደሙኝ። እሁድ ተነሥተው አንዲት ሳያስቀሩ ተናገሩ፤ የባልዲው ውኃ ሳይቀር። በመጨረሻ፣ «እኛ የጸለይነው በእሱ ስም ነበር፤ ጌታ ግን የታመመው ደረት የማን እንደሆነ ያውቅ ነበር» ብለው ተቀመጡ። እጀ ከባዱ ሽማግሌ መዳፉን ገልብጦ ሲያይ አየሁት።

አማቴ ሕፃኗ መቀመጥ ስትችል አገራቸው ተመለሱ። ለወራት የሚበቃ ፓምፕ አሸክመናቸው ሄዱ፤ ሲያልቅ በመንገደኛ እንልካለን። እኔ ጾሜን ጨርሼ ወደ ማሽኑ ተመልሼ ነበር፤ ይህን አልደብቅም። ኒኮቲኑን እየቀነስኩ፣ ዲግሪውን እያወረድኩ ቆየሁ። ልጃችን መዳህ ጀምራ ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ ስትከት ግን ባትሪዎቹን አውጥቼ ሁሉንም ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀልኩት፤ ላወርደው ባሰብኩ ቁጥር ወንበር ማምጣቱ ይሰለቸኛል። አሁን ኦቾሎኒ ነው የያዝኩት። ሆዴ ወጥቷል፤ ባለቤቴ ስትስመኝ ግን አፏን አትጠርግም።