የካውያዋ እሬት

ጎረቤቴ በልብስ ንጽሕና ቤት ሃያ ስምንት ዓመት ልብስ ስትተኩስ ኖራለች። ሰፈሩ የሚያውቃት «ካውያዋ» ብሎ ነው። ክንዶቿ በቃጠሎ ጠባሳ ተዥጎርጉረዋል። መድኃኒቷ መስኮቷ ላይ በቀለም ቆርቆሮ የተከለቻቸው አምስት እሬቶች ነበሩ። አቧራቸውን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች፤ ውኃ የምታጠጣቸው አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ነው። ስትቆርጥ ከታች ያረጀውን ቅጠል ትመርጥና፣ ቢጫውን መራራ ፈሳሽ አንጠፍጥፋ፣ ልጣጩን ገፍፋ ዝልግልጉን ታወጣለች።

«ሕመሙ ከቆመ ድኗል» ትል ነበር። ቃጠሎ ያስተማራት ይህንን ነው።

ባሏ ጫማ ሰፊ ነበር። አንድ ቀን ሚስማር ተረከዙን ወጋው።

«የጫማ ሰፊን እግር ካልወጋ የማንን ሊወጋ ኖሯል?» ብሎ ሳቀ።

«አፍህን ተወውና እግርህን አምጣ» አለችው፣ እሬቱን እየላጠች።

በየማለዳው አጥባ ትቀባውና በጨርቅ ታስርለታለች።

«ያምሃል?»

«ኧረ ምንም! እግር ያለኝም አይመስለኝ።»

ደስ አላት። «አዩ እትዬ፣ እሬቴ አላሳፈረኝም» አለችኝ። እኔም አብሬያት ደስ አለኝ፤ ቁስሉን ግን ዝቅ ብዬ አላየሁም።

በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳት ጣለውና ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሙ ጨርቁን ሲፈታ ተረከዙ ጠቁሯል። ስኳር በሽታ እንዳለበት የሰሙት ያን ዕለት ነው።

«ያላመመው ስለዳነ አይደለም፤ ስኳሩ እግሩን አደንዝዞት ነው። ምነው ቀደም ብላችሁ በመጣችሁ» አላት።

እግሩን ቆረጡት። መርዙ ግን ቀድሞ ደሙ ውስጥ ገብቶ ኖሮ፣ በዘጠነኛው ቀን አረፈ።

ከቀብሩ በኋላ ቆርቆሮዎቹን ልትጥል አውጥታ ደጃፏ ላይ ደረደረቻቸው። ሁለት ቀን እዚያው ቆሙ። በሦስተኛው ቀን የሰፈሩ ወጣት ዳቦ ጋጋሪ ክንዷን ተቃጥላ እየሮጠች መጣች።

«እማማ፣ ቶሎ ቅጠል!»

«ያምሻል?»

«ያምሻል ይሉኛል እንዴ? ነፍሴ ልትወጣ ነው!»

«ተመስገን» አለች ካውያዋ። ልጅቱ ክው አለች።

የልጅቱ ክንድ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ስታፈስ የካውያዋ እንባ ከውኃው ጋር ይወርድ ነበር። ቅጠል ግን አልቆረጠችም። «ነይ፣ ሐኪም ይየው» ብላ ክሊኒክ ወሰደቻት፤ እኔም ተከተልኳቸው። ተራቸው እስኪደርስ የልጅቱን ደህና እጅ ይዛ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ልጅቱ ባቃሰተች ቁጥር፣ «አይዞሽ፣ ይመምሽ፣ ልጄ፣ ይመምሽ» ትላት ነበር።