ለብቻው የተከተፈ ቆጮ

በክረምቱ በሞት የተለየችን አክስቴ፣ አገና ከተማ ባለው ቤቷ ቆጮ ከመጋገሯ በፊት የእንሰቱ ቃጫ እንዲበጣጠስ ሊጡን ደጋግማ በቢላ ትከትፍ ነበር። የእኔን ድርሻ ግን ለብቻው አስቀምጣ እንደገና ትከትፈው ነበር። ልጅ ሳለሁ አንዴ ቃጫ አንቆኝ አስደንግጫታለሁ። ፀጉሬ ሸብቶ፣ ልጆቼን ይዤ ስመጣም አልተወችም።

«አክስቴ፣ አሁንማ አድጌያለሁ» ስላት፣

«ጉሮሮህ አላደገም፤ ዝም ብለህ ብላ» ትለኝ ነበር።

ዘንድሮ መስቀልን ያለ እሷ አከበርን። ክትፎውም አይቡም ቀረበ፤ ቆጮው ለሁላችንም ከአንድ ሊጥ ተጋግሮ ነበር። ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ቃጫ ጥርሴ መሃል ገባ። ቆጮውን የጋገረችው የአክስቴ ልጅ አይታኝ «ምነው?» አለችኝ።

«ቃጫ ነው» አልኳት።

ሁለታችንም እጃችንን ከገበታው ሰበሰብን።