በካናቴራ ያየሁት ሹም

ልጅ ሳለሁ የጅማን ትልልቅ ሰዎች የማውቃቸው በካናቴራ ነበር። ጎረቤታችን አባ ራያ ልብስ ሰፊ ነበሩና፣ ሹማምንቱ ሊለኩ ኮታቸውን ሲያወልቁ እናይ ነበር። ሲመሻሽ አባ ራያ ፋኖሱን ከስፌት መኪናቸው በላይ ሰቅለው፣ የከሰል ካውያቸውን እፍ እፍ እያሉ፣ ፍሙ ሲግል ተረት ይጀምሩልን ነበር። ጢሱ ዓይናችንን ቢያስለቅሰንም ማን ይነሳል!

ያኔ ደጋግመን የምናስነግራቸው፣ አንድ ቻይናዊ ሐኪም ካፖርቱን ሊያስጠግን መጥቶ በአስተርጓሚ ያጫወታቸውን ነው። በጥንት ቻይና ትልቅ ሹም ማለት ሐምራዊ የለበሰ፣ ወርቅ የታጠቀ ነበር አሉ። «ሕዝቡ ሁሉ ይሰግድለታል» ይሉና ካውያውን ያሳርፋሉ፤ «እሱን የሚያዘው ግን አንድ ሰው ነበር። ማን?»

«ሰፊው!» እንላለን በአንድ ድምፅ።

«ወላሂ ሰፊው! እጅህን አንሳ ሲለው ያነሳል፣ ዙር ሲለው ይዞራል።»

ያኔ ወንድሜ ጀማል ታስሮ ነበር። ሊሙ ቡና ለቀማ ሄዶ ከቀበሌ ስብሰባ ቀረ ተብሎ ነው። እናቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስንቅ ስታመላልስ ያሳሰረው ሹም ፊት ነሳት። ለበዓል የካኪ ጃኬት ሊያሰፋ አባ ራያ ዘንድ የመጣውም እሱ ራሱ ነበር።

እኛ ልጆች ጥግ ይዘን ተቀምጠናል። ኮቱን አወለቀ፤ ሽጉጡንም ከነቀበቶው አግዳሚው ላይ አኖረ። አባ ራያ ሜትራቸውን ይዘው «ጓድ፣ እጅዎን ያንሱ» አሉት። አነሳ። ብብቱ ስር ካናቴራው ተቀዷል።

ሜትሩን ደረቱ ላይ እንደያዙ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይቺ ልጅ የጀማል እህት ናት። እናቷ እንቅልፍ ካጣች ሦስት ሳምንት ሆናት። ልጁ ቡና ለቀመ እንጂ ምን አጠፋ?» አሉት።

ሹሙ እጁን እንዳነሳ ዞር ብሎ አየኝ።

«ጃኬቱ መቼ ይደርሳል?» አለ።

«ሐሙስ፣ ኢንሻአላህ። ሰው ይላኩ።»

ሐሙስ ዕለት ጃኬቱን ሊወስድ የመጣው ጀማል ነበር፤ ከስቶ፣ ፀጉሩ አድጎ። «ይህን አድርስና ወደ ቤትህ ግባ ብለውኛል» አለ። አባ ራያ ካውያውን አስቀምጠው አንገቱን አቀፉት። እኔ እናቴን ልጠራ በሩጫ ወጣሁ።

ዛሬም ሱፉን ግጥም አድርጎ የለበሰ ባለሥልጣን ፊት ስቀርብ፣ እንዳልፈራ ብዬ በሆዴ «እጅዎን ያንሱ» እለዋለሁ። አባ ራያ ግን በአፋቸው ነበር ያሉት፤ ሽጉጡ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ።