ከአባባ ጋር ቀስት የጠመጠምንበት ሰሞን

ልጅ ሳለሁ፣ እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ከተማ ውስጥ ሮቫ ሔት በሚባለው ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖር በነበረበት ዘመን፣ ሰንበት ሲወጣ ተረት የሚነግሩን የእናቴ አባት ነበሩ። አባባ እንላቸው ነበር። ያኔ እናቴ የሰንበት መውጫውን ሻማ አጥፍታ የክሩ ጭስ ገና ከሳሎኑ ሳይወጣ፣ እኔና የአክስቴ ልጆች ምንጣፉ ላይ እንኮለኮላለን፤ አባባም ጉሮሯቸውን ጠርገው የጎንደርን ጅብና ጦጣ፣ ዝንጀሮና ሚዳቋ እየጠሩ ያመጡልናል። በስተኋላቸው ያለው ትንሽ መብራት ጥላቸውን ግድግዳው ላይ ስለሚጥለው፣ እጃቸውን ባነሱ ቁጥር ጅቡም አብሮ የሚነሳ ይመስለኝ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ አባባን ስትሮክ መታቸው። ከሆስፒታል ሲመለሱ ቀኝ እጃቸው ዝሎ ነበር። ከእጃቸው የባሰው ግን ቃሉ ነው። ሊሉ የፈለጉትን ያውቁታል፤ ምላሳቸው ግን ሌላ ያቀብላቸዋል። ማንኪያ ፈልገው «መስኮት» ይላሉ፤ ከዚያም እንደተሳሳቱ ስለሚገባቸው ፊታቸው ይጨልማል። እናቴን ስላሳዘኗት፣ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ እሷ ትጨርስላቸው ጀመር።

አንድ የሰንበት መውጫ ምሽት እንደ ድሮው ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡና፣ «አንዲት ከበሮ ነበረች» አሉ። ቀበሮ ማለታቸው ነበር። የአክስቴ ልጆች ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም፣ ከበሮ በእግሯ ስትሄድ ታይቷቸው ነው። አባባ ግን ቀስ ብለው ተነሱ፣ ክፍላቸው ገቡና በሩን ዘጉ። ከዚያ ወዲያ ቃል በጠፋባቸው ቁጥር ተነስቶ መሄድ ልማዳቸው ሆነ፤ ተረቱም ቀረ።

ላግ ባኦሜር ደረሰ። ላግ ባኦሜር እዚህ አገር ልጆች ሜዳ ላይ እሳት የሚያነዱበት፣ ቀስትም ይዘው የሚጫወቱበት የፀደይ በዓል ነው። ብዙዎቹ ልጆች የፕላስቲክ ቀስት ይገዙ ነበር። እኔ ግን የእንጨት፣ ያውም በእጄ የሠራሁት ካልሆነ ብዬ ሙጭጭ አልኩ። የእጅ ሥራ አስተማሪያችን ስስ ስስ ጣውላዎች ሰጠችኝና እንዴት እንደሚሠራ አሳየችኝ፤ ጣውላዎቹን ኮላ ቀብቶ መደራረብ፣ ቀስት መስሎ በጎበጠ ሳንቃ ላይ ማስተኛት፣ ከዚያም ከጫፍ እስከ ጫፍ አጥብቆ ማሰር። ማጥበቂያ ብረት ስለሌለኝ ከብስክሌት ካላማዳሪያ በመቀስ ረጃጅም የጎማ ጥብጣብ ቆረጥኩ። «ጎማውን እየሳብሽ ጠምጥሚው፤ እንዳይላላ» አለችኝ። «ብቻሽን ግን አትችዪም፤ ሌላ ሰው ይያዝልሽ።»

እናቴ ሥራ ላይ ነበረች፤ ወንድሜ ወታደር ነበር። ቤት ያሉት አባባ ብቻ ነበሩ።

በረንዳው ላይ ወንበር አወጣሁላቸው። ሳንቃውን በጉልበታቸው መሃል አጣብቀው በደህናው እጃቸው ጨበጡልኝ፤ እኔ ደግሞ ጎማውን እየለጠጥኩ መጠምጠም ጀመርኩ። ዝም ብለን መሥራት ከበደኝና፣ «አባባ፣ ያቺን ተረት ይንገሩኝ እንጂ» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «አንዲት ከበሮ…» አሉ። ስህተታቸውን የሰሙት ከእኔ እኩል ነው። ወዲያው ሳንቃውን ለቀው ተነሱ። ጎማው ተፈናጥሮ ተፈታ፤ ኮላ የጠጡት ጣውላዎች ተንሸራተው አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ሄደ። ለብቻዬ ላቃናቸው ስታገል እዚያው ጠማማ እንደሆኑ ደረቁ።

በማግስቱ አስተማሪዬን ለምኜ ሌላ ጣውላ አመጣሁ። የአባባ ክፍል በር ላይ ቆሜ፣ እስከ ዛሬ ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ «አባባ፣ ዛሬም ይያዙልኝ። ቃሉ ቢጠፋብዎም ግን አይነሱ» አልኳቸው።

«አንቺ ልጅ!» አሉና ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። እንዲህ ብሎ የተናገራቸው ሰው አልነበረም። እኔ ግን ከበሩ ንቅንቅ አላልኩም። ብዙ ቆይተው ከአልጋቸው ወረዱ፤ እግራቸውን እየጎተቱ እስከ በረንዳው ድረስ ሄዱና ተቀመጡ። ሳንቃውን በጉልበታቸው አጣበቁት።

«ጠምጥሚ» አሉኝ።

ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ እያዘቀዘቀች ነበር። ከታች፣ ባዶው መሬት ላይ፣ ትልልቆቹ ልጆች ለበዓሉ የሰበሰቡት እንጨት ይቀጣጠል እንደሆን ሲሞክሩት ጭሱ እስከ እኛ ይደርስ ነበር። የመጀመሪያውን ዙር አጠበቅኩ። ኮላው በየጠርዙ እንደ ወተት ጠብ ጠብ አለ። አባባ አፋቸውን ከፈቱ፤ «አንዲት… ከበሮ…» አሉና ጉልበታቸው ተወራጨ። ሊነሱ ነው አልኩ በልቤ። ግን ጎማው በእጄ ተወጥሯል፤ ቢለቁት ሁሉም እንደሚፈታ አይተውታል። «አይደለም» አሉ፤ «አይደለም… አይደለም።» ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ላቀብላቸው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። አውቶቡስ መጥቶ ተሳፋሪ አራግፎ ሄደ። ጣቶቼ ደነዘዙ።

«ቀ… ቀበሮ!» አሉ በታላቅ ድምፅ። የጎረቤታችን መስኮት ተከፈተ። «ቀበሮ! አንዲት ቀበሮ ነበረች!»

ሁለተኛውን ዙር ሳብኩ።

እመት ቀበሮ ወንዝ ልትሻገር ስትል አያ ጅቦ ድልድዩ ላይ ተጋድሞ አገኘችው። ሊበላት ተነሳ። «ቆይ አያ ጅቦ» አለችው፤ «ሥጋ ዘመድ ብንሆንስ? የዘመድ ሥጋ በልተህ አገር እንዳይስቅብህ፣ መጀመሪያ ዘር እንቁጠር።» በእኛ ዘንድ ልጅ ከመዳሩ በፊት እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል፤ ጅቡም ነገሩ ደግ ነው ብሎ ቁጭ አለ። ቀበሮዋ አባቷን ጠራች፣ አያቷን ጠራች፣ ቅድመ አያቷን ጠራች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሆነ። ለማንኪያና ለመስኮት የሚቸገረው የአባባ ምላስ በስሞቹ ላይ እንደ ውሃ ፈሰሰ። «የእንግዳ ልጅ፣ የአለሙ ልጅ፣ የደስታ ልጅ…» ጥቂት ቆይቶ የቀበሮዋ አባቶች የእኛው አባቶች መሆናቸው ገባኝ። እኔም በየስሙ አንድ ዙር እየጠመጠምኩ ሄድኩ። ጅቡ የገዛ አያቱን ስም ከቀበሮዋ አፍ ሲሰማ ደንግጦ፣ «ለካ እህቴ ነሽ!» ብሎ አዝሎ አሻገራት።

በመሃል ብዙ ጊዜ ቆመዋል። አንዳንዱ ቃል መጣ፣ አንዳንዱ አልመጣም፤ ያልመጣውን በእጃቸው አሳዩኝ። ጎማው ካለቀና ጫፉን ከቋጠርኩ በኋላም ተረቱ አላለቀም ነበርና፣ መያዝ የማያስፈልገውን ቀስት እንደያዝን ጀምበር እስክትጠልቅ ተቀመጥን።

ኮላው ከደረቀ በኋላ ጎማውን ፈታነው። ጣውላዎቹ አንድ እንጨት ሆነዋል። በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ክር ገመድኩለት። በበዓሉ ምሽት ፍሙ እየቀላ፣ ከባሕር የሚመጣው ንፋስ ጭሱን ፊታችን ላይ እየበተነ፣ ቀስቱን ሳብኩና ያቆምነውን ካርቶን ሳትኩት። ደግሜ ሳትኩት። በሦስተኛው ሲወጋ የአክስቴ ልጆች ጮኹ።

ከበዓሉ በኋላ አባባን ወደ ኩፓት ሆሊም፣ ወደ ክሊኒካችን ማለት ነው፣ ወሰድናቸው። ሐኪሟ በአስተርጓሚ በኩል እንዴት እንደ ሰነበቱ ስትጠይቅ እናቴ እንደ ወትሮዋ፣ «ደህና ናቸው፤ መድኃኒቱም ተስማምቷቸዋል» ማለት ጀመረች። አባባ ደህናውን እጃቸውን ክንዷ ላይ አሳረፉ።

«ተይ። እኔ እናገራለሁ።»

አባባ ጀመሩ፤ ቆሙ። አስተርጓሚዋ ልታግዛቸው ስትል ራሳቸውን ነቅንቀው ከለከሏት። ውጭ ወረፋ የያዘ ሰው በሩን አንኳኳ፤ ማንም አልመለሰለትም። «መድኃኒቱ…» አሉ በመጨረሻ፤ «ጠዋት ጠዋት… ያዞረኛል። ሁለቴ… ወድቄያለሁ። አልነገርኳችሁም።»

ሐኪሟ መድኃኒቱን ቀየረችላቸው። እናቴ አውቶቡስ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች። አባባ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። እጃቸው ሙሉ በሙሉ አልዳነም፣ ቃሉም እንደ ድሮው አልሆነም፤ እናቴ ግን ዳግመኛ በእሳቸው ፈንታ አልተናገረችም። እኔም አሁን ድረስ፣ ሰው ቃል ጠፍቶበት ሲቸገር ሳይ፣ ላቀብለው ልቤ ይጣደፋል። ያ ጥድፊያ አልለቀቀኝም። ግን ዝም ብዬ ዓይኑን አያለሁ፤ ብዙ ጊዜ ከዚያ ዝምታ ወዲያ የሚመጣው ነገር እኔ ላቀብለው ካሰብኩት ፈጽሞ የተለየ ነው።