ከጉማራ የመጣው ሥር

ነስሩ በደብረ ታቦር ገበያ የመስኮት መስታወት ቆርጦ ይገጥማል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ። አምና አንድ ሰው ለሚከፍተው ማረፊያ ቤት አኳሪየም አሠርቶት፣ ሳይወስደው አገር ለቀቀ። ነስሩም የመስታወት ሣጥኑን ቤቱ አግብቶ ከባሕር ዳር ያመጣቸውን ሁለት ቀያይ ዓሦች ለቀቀበት።

ሚስቱ ዘምዘም ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ወዲህ አንደበቷ ተይዞ ነበር። ሣጥኑ ፊት መቀመጥ በጀመረች በሳምንቷ "ሁለት" አለች። በሰባት ወር ውስጥ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ኋላም "ቀይ" አለች፤ "ና" አለች። ከዚያ አንደኛዋ ዓሣ በከባድ መኪና ድምፅ ደንግጣ ከውኃው ዘላ ወጣችና ወለል ላይ ሞተች። ዘምዘምም ዳግመኛ ዝም አለች።

የቀረችዋም ዓሣ መኪና ባለፈ ቁጥር ከመስታወቱ ጋር ትላተማለች። ዓሦቹን የሸጠለት ሰው በስልክ፣ "መሸሸጊያ የላትማ! ወንዝ ያጠበው እንጨት አግባላት። ግን አደራ፣ ሳትቀቅል እንዳታገባ" አለው።

ነስሩ ሐሙሲት ገበያ ወርዶ፣ ይሻው የሚባል የጉማራ ዳር ገበሬ ለማገዶ ካመጣው እንጨት መካከል ጎርፍ የተፋውን አንድ ጠማማ ሥር መረጠ። የበሰበሰውን በቢላ ፋቀ፤ ጭቃውን በብሩሽ አወጣ፤ በርሜል ውስጥ ከቶ ቀኑን ሙሉ ቀቀለው። ውኃው ሻይ መሰለ። ደፋና ሌላ ሞላ። እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ ጭኖ ዘፈዘፈው። በየማለዳው ውኃውን እየለወጠ ሦስት ሳምንት ቆየ። በመጨረሻ ውኃው ጠራ፤ እንጨቱም ያለ ድንጋይ ሰጠመ።

በዚያው ሰሞን ይሻው መስታወት ሊያስቆርጥ መጣና ሥሩን በርሜሉ ውስጥ አየው። እኔም እዚያው ነበርሁ።

"አንተ ነስሩ፣ ማገዶዬን ቅቅል አደረግኸው እኮ! ጨው ጨምረህበታል?"

"ለዓሣ ቤት ነው።"

"ለዓሣ?" ይሻው ሳቁን ለቀቀው። "ብርብራ ለዓሣ! ልታኖራት ነው ልትገድላት?"

ነስሩ መቁረጫውን አስቀመጠ። "ብርብራ መሆኑን በምን አወቅህ?"

"ከማሳዬ ግርጌ የነበረውን ጎርፍ ገነደሰው። የሱ ሥር መሰለኝ። ውኃ የበላውን እንጨት ግን ማን ለይቶ ያውቃል?"

እኔና ነስሩ ተያየን። ተማሪ ሳለን አንድ በጋ ጉማራ ወርደን የብርብራ ፍሬ ወቅጠን ውኃው ላይ በትነን ነበር። ዓሣው ሁሉ ሆዱን ገልብጦ ብቅ አለ። ከምንበላው በላይ ነበር፤ ትንንሾቹን እንደተንሳፈፉ ትተናቸው ሄድን። ያ የነጣ ውኃ እስከ ዛሬ በሕልሜ ይመጣል።

ይሻው ሲሄድ ነስሩ፣ "የሚገድለው ፍሬው ነው። ሥሩስ?" አለኝ።

"እኔ እንጃ።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ምን ስትሠራ ነበር?"

ነስሩም ይሻው በጀሪካን የላከለትን አንዲት የወንዝ ዓሣ ለሙከራ ከእንጨቱ ጋር ሳፋ ውስጥ አኖራት። አምስት ቀን ኖረች፤ በላችም። ነስሩ ግን አላመነም፤ "የጉማራ ናት፣ ለምዳው ይሆናል" ይላል። እንዳይቆይ ደግሞ የቤቷ ዓሣ በመላተም ብዛት አፏ ቆስሏል።

ትናንት ሱቁ ተዘግቶ አገኘሁትና ወደ ቤቱ ሄድሁ። እንጨቱ ሣጥኑ ውስጥ ተቀምጧል። ነስሩ የዓሣ ማውጫ መረቡን ይዞ ዘምዘም አጠገብ ቁጢጥ ብሏል። ዓሣዋ ጠዋት ከእንጨቱ ኋላ እንደገባች እስከ ቀትር አልወጣችም። ዘምዘም አንገቷን እያሰገገች ትፈልጋታለች።

"አለች፣ ዘሙ፤ ከኋላ ናት" ይላታል።

ጎንበስ ብዬ በዚህም በዚያም አየሁ። ምንም አይታይም። እንጨቱን ብድግ ቢያደርገው ይታወቅ ነበር። እጁን ግን አላነሳም።